የኔ ፕላስቲክ፣ የሱ ብረት

የሚስቴን ወንድም አልወደውም። ይህን የምጽፈው ንስሐ ልገባ ብዬ አይደለም፤ እሱም ቢያነበው "አውቃለሁ" ከማለት አያልፍም። ጆሃንስበርግ፣ አሌክሳንድራ ሰፈር ውስጥ ስፓዛ ለሚባሉ ትንንሽ ሱቆች ዕቃ የሚያከፋፍል፣ ደረቱ እንደ ፍሪጅ የሰፋ ሰው ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ የሂሳብ መምህር ነኝ፤ ደረቴ የት እንደገባ አላውቅም። የሚያገናኙን ሁለት ነገሮች ነበሩ፦ እኅቱና ከዛንድስፕሩት ወዲያ ያለው የተኩስ ክለብ።

የክለቡ ውድድር ሽጉጥ ከወገብ መዝዞ የብረት ሳህኖችን በፍጥነት መጣል ነው። እኛ ደግሞ በሽጉጥ ምርጫ ተጣልተናል። የኔ እጀታው ፕላስቲክ ነው፣ ቀላል፤ ቃታው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጥይት አንድ ዓይነት ነው። የሱ ሙሉ ብረት ነው። ሲተኩስ አፈሙዙ አይዘልም፤ የመጀመሪያው ቃታ ግን ረጅምና ከባድ ነው፣ ከዚያ በኋላ ይለሰልሳል።

"ጋሼ፣ ያንን የሕፃን መጫወቻ አሁንም አልጣሉትም?" ይለኛል። አንቱ የሚለኝ ሲሳደብ ብቻ ነው።

"አንተስ የባቡር ሐዲድ መሸከም አልሰለቸህም?"

በክለቡ የሽማግሌዎች ቡድን አንድ ቦታ ሲቀር፣ ተወራረድን። የተሸነፈው፣ ሰው ሁሉ ፊት ቆሞ "ያንተ ይበልጣል" ይልና ቦታውን ይለቃል። ለሁለታችንም ከዚያ ቃል ኩላሊት መስጠት ይቀል ነበር። ግን ሳንተኩስ ኮሮና ገባና ከተማው ተዘጋ።

በእነዚያ ወራት ትሮይቪል ካለው ቤታችን ኮሪደር ላይ ስድስት የወረቀት ክቦች ለጥፌ በባዶ ሽጉጥ ተለማመድኩ። የኔው ፕላስቲክ በባዶ ሲለማመዱበት አንድ አመል አለው፤ ቃታው አንዴ ጠቅ ካለ፣ እንደገና ካላቀባበሉት አይሠራም። የሱ ብረት ግን ደጋግመው ቢስቡትም እሺ ይላል። እናም እኔ ጠቅ፣ ማቀባበል፣ ጠቅ፣ ማቀባበል። ሚስቴ "ልብስ ስፌት ጀመርክ እንዴ?" እስክትለኝ ድረስ። መስታወት ፊት ስቆም ራሴን እፈራው ጀመር። እንዲያ ያለ ፈጣን ሽማግሌ ጆሃንስበርግ አላየችም።

ሜዳው ሲከፈት ሁሉም ማስክ አድርጎ፣ ተራርቆ ቆሞ ጠበቀን። ስድስት ሳህን፣ አስር ጥይት፤ የጥይት ካዝና መቀየር የለም። አማቼ ቀደመ። አንዱን ሳተ፣ በሰባት ጥይት ስድስቱንም ጣለ።

"ጌታ ይባረክ!" አለ፣ ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ እኔ እያየ።

ዳኛው ምልክት ሰጠኝ። መዘዝኩ፣ ተኮስኩ፣ የመጀመሪያው ወደቀ። እውነተኛ ጥይት ሲተኮስ ሽጉጡ ራሱ ያቀባብላል፤ እጄ ግን ሳልጠይቃት ደግማ አቀባበለች። ያልተተኮሰ ጥይት ቱር ብሎ ጫማዬ ላይ ወደቀ። ሁለተኛውን መታሁ፤ እጄ አቀባበለች። ሦስተኛውንም እንደዚሁ። ስህተቱ ገብቶኛል፤ እጄን ግን ማን ያስቁማት? ስንት ወር ያስተማርኳት እኔው ነኝ! በመምህርነት ዘመኔ እንዲህ ትምህርት የገባው ተማሪ አላጋጠመኝም።

"ጋሼ!" አለ አማቼ ከኋላ፣ "የሚዘሩት ገብስ ነው ባቄላ?"

ማስክ ያደረገ ሁሉ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። አምስት ተኩሼ አምስት ጣልኩ፤ አምስቱ ጥይት መሬት ላይ ተዘርቷል። ስድስተኛው ሳህን ቆሞ ያየኛል፣ ሽጉጤ ባዶ ነው።

አማቼ ጎንበስ ብሎ ጥይቶቹን ለቀመ። ከኪሱ ሳኒታይዘር አውጥቶ አንድ በአንድ ረጫቸው። ከዚያ ክንዱን እስኪችል ዘርግቶ ሰጠኝ፣ በሽታው እኔ የሆንኩ ይመስል።

"እህስ?"

"ያንተ ይበልጣል" አልኩ።

"አልሰማሁም። ማስክዎን ያውርዱና ይድገሙልኝ።"

አወረድኩ፣ ደገምኩ። የመጨረሻዋ ሳህን እንኳ የሰማች ይመስለኛል።

"አሁን መልሰው ያድርጉት" አለ። "ይሻልዎታል።"

መልሼ አደረግሁት። ከማስኩ ሥር አባቱን ሳይቀር ስረግመው ትሮይቪል ደረስኩ፤ አባቱ አማቴ መሆናቸውን ያስታወስኩት በራፌ ላይ ነው። ለነገሩ መኪናው ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፤ ማስኩን አውልቄ ጮክ ብዬ ብረግመውስ ማን ይከለክለኝ ነበር? ግን እንዳላወልቅ እሱ አዞኝ ነበር፤ ለካ እጄ ብቻ አይደለችም ታዛዧ።