ለእናቴ የላክሁላት በርሜል

መድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ፣ ክኒን የሚሸፈንበት ክፍል ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሽፋኑን የምናሟሟው ሶልቨንት በሚሉት ፈሳሽ ነበር። ክኒኑ ላይ ይረጫል፣ ገሚሱ ተንኖ ይወጣል፣ የተረፈው በቦይ ወደ ወንዝ ይሄዳል። በውሃ የሚሟሟ ሽፋን እንዳለ አውቃለሁ፤ ሞክሬውም ሠርቷል። አለቃዬ ግን «ውሃ ቶሎ አይደርቅም፣ ምርት ይዘገያል» አለኝ። እኔም ጭጭ አልሁ። ጀግናው!

ኋላ «እስቲ ብክለት የሚቀንስ አንድ ነገር አምጣ» ሲለኝ ብልሃት አመጣሁ። ባዶዎቹ የሶልቨንት በርሜሎች ከሚጣሉ ታጥበው ለሠራተኛው ይታደሉ አልሁ። «ብክለት ቀነሰ» ተብሎ ተጻፈ፣ ተጨበጨበልኝም። ሶልቨንቱማ ጠብታም አልቀነሰ።

አንዱን ሰማያዊ በርሜል አውቶቡስ ላይ አስጭኜ እስቴ፣ እናቴ ዘንድ ላክሁት። «የዘር ገብስ ጨምሪበት፣ ነቀዝ አያገኘውም» አልኋት በስልክ። ከየት እንደመጣ ስትጠይቀኝ «ከመድኃኒት ፋብሪካ» አልሁ፣ ደረቴን ነፍቼ። ልጄ መድኃኒት ይሠራል ብላ ለአገር ምድሩ ያወራች ሴት ናት፤ መርዝ የነበረበት ነው ልበላት? አፈርሁ።

የማርያም ጽዋ ተራዋ ሲደርስ ሄድሁ። ማኅበርተኛው ተሰብስቧል፣ ቄሱም ገብተዋል። ጓዳ ብቅ ብል፣ ያ በርሜል አፉ በጨርቅ ታስሮ ቆሟል። ጠላ ሞልታዋለች!

«እማ፣ ምን አደረግሽ?»

«ምነው? ጋኔ ቢሰነጠቅ ነዋ። የመድኃኒት ዕቃ አይደል እንዴ? ደግሞ በግራዋ አጥቤ በወይራ አጥኜዋለሁ።»

ከመድኃኒት ዕቃ የሚነጻ በእሷ ዘንድ የለም። ጨርቁን ስፈታው ግን ከወይራው ጢስ ሥር ያ የማውቀው ሽታ መጣ። ልትቀዳ ጎንበስ ስትል እጇን ያዝሁ። «እንዳይጠጣ! መርዝ ነክቶታል!» ስል ድምፄ እልፍኝ ድረስ ተሰማ።

ቄሱ «እሰይ፣ እግዜር አተረፈን። ጽዋውን በውሃ እናደርሳለን» ብለው ሊያጽናኗት ሞከሩ። ለዚያች ቀን ስንት ስትደክም የከረመች ሴት፣ እንግዶቿን ውሃ አጠጥታ ሸኘች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሁለት ጎረቤቶች በርሜሉን አንስተው «የት ይደፋ?» አሉኝ። የተማርሁት እኔ ነኛ! ከታች ምንጭ አለ፣ ከላይ የሰው ገብስ። አፉን መልሰው አስረው ጓሮ አስቀመጡት።

ሰው ሁሉ ሲወጣ እናቴ መደቡ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም።

«መርዝ እንደነበረበት ያን ጊዜ ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?»

«አፍሬ ነው፣ እማ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «እኔን እናትህን እንዲህ ከፈራህ፣ እዚያ ላሉት አለቆችህ እውነቱን ምን ብለህ ትነግራቸዋለህ?»

ሰኞ ሥራ ገብቼ ያንኑ ሶልቨንት ቀዳሁ።