የማዳመጫዋ ቱቦ

ደምሴ ሞተርን የሚያክመው እንደ ሐኪም አዳምጦ ነው። ክንድ ተኩል የምትሆን ወፍራም የጎማ ቱቦ አለችው፤ አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ ይደግናል፣ ሌላውን በሞተሩ ላይ ያንሸራሽራል። አዋሳ ውስጥ እሱ አዳምጦ ያልደረሰበት ብልሽት የለም ይባላል።

የዚያን ቀን ጠዋት ግን ቱቦዋ ከዳችው።

የከተማው ካድሬ ጓድ ገብረጻድቅ ነጯን መኪና ይዞ ጋራዡ ደረሰ። ከሾፌሩ ከሙህዲን ጎን እንደተቀመጠ፣

«ከትናንት ወዲያ ካርቡራተሩን አጥቤአለሁ፣ ድናለች ብለኸኝ ነበር» አለ። «ይኸው፣ ነዳጅ ካልተረገጠ ትጠፋለች። በስድስት ሰዓት እንግዶች ይዤ ቱላ ስብሰባ አለብኝ። መንገድ ላይ ብትቆም ብልሽት አልለውም፤ አሻጥር ነው። የአሻጥረኛን ቦታ ደግሞ ታውቀዋለህ።»

ደምሴ ያውቀዋል። አምና ከዚሁ ጋራዥ የተወሰደው ደረሰ የሚባለው ባልንጀራው እስካሁን አልተመለሰም።

ኮፈኑን ከፈተ። ካርቡራተሩን ማጠቡ ስህተት እንደነበር አሁን ገባው፤ ሞተሩ በሆነ ስንጥቅ በኩል አየር እየሳበ ነው። እንዲህ ያለውን ስንጥቅ ፉጨቱ እንጂ ዓይን አያገኘውም። ቱቦዋን ጆሮው ላይ ደገነ። የሰማው ግን ከመንገዱ ማዶ፣ ከቀበሌው ጣሪያ ላይ የሚያስተጋባውን ድምፅ ማጉያ ብቻ ነው። የሰልፍ ማርሽ፣ መፈክር፣ ደግሞ ማርሽ።

አምስት ሰዓት ሆነ። የሞተሩን ቱቦዎች አንድ በአንድ ዳሰሰ፤ ሁሉም ደህና መሰሉት። ላብ ዓይኑ ውስጥ ገባ።

«ምን ላምጣልህ?» አለው ሙህዲን፣ ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጁን ረገጥ እያደረገ።

«ዝምታ።»

«እሱማ ከስኳር ጋር አብሮ ከገበያ ጠፋ!»

ደምሴ በሆዱ ጸለየ። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ በሆዱ መጸለይ ለምዷል። ከዚያ ወደ ካድሬው ዞረ።

«ጓድ፣ ድምፅ ማጉያው ለአምስት ደቂቃ ቢዘጋልኝ...»

የሙህዲን ፈገግታ ከፊቱ ጠፋ።

«የአብዮቱን መዝሙር አስዘጋ ነው የምትለኝ?»

«አምስት ደቂቃ ብቻ። ካልሆነ አሁኑኑ ይውሰዱኝ፤ በዚህ ጩኸት አላገኘውም።»

ጓድ ገብረጻድቅ ሰዓቱን አየ። ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ፈጠን ብሎ መንገዱን ተሻገረ።

ማርሹ መሀል ላይ ተቆረጠ። ከተማው ድንገት ሰፊ ሆነ፤ ከሐይቁ በኩል የወፎች ድምፅ መጣ። ደምሴ ትንፋሹን ዋጠ። ካርቡራተሩ ሥር፣ ምንም። ከጎኑ፣ ምንም። ከሞተሩ ወደ ፍሬኑ በሚሄደው የጎማ ቱቦ ሆድ በኩል ግን፣ ዓይን በማይደርስበት፣ እንደተኛ ሕፃን ትንፋሽ የቀጠነ ፉጨት። በጣቱ ደፈነው።

«እግርህን አንሳ!»

ሙህዲን አነሳ። ሞተሩ አልጠፋም።

መለወጫ የጎማ ቱቦ ከከተማው ሱቆች ከጠፋ ወራት አልፎታል። ደምሴ እጁ ላይ ያለችውን አያት፤ ልኳ ነው። ሞተሩን አስጠፋና፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሰማባትን ቱቦ በቢላ ቆረጣት። ገጠማት፣ ጫፎቿን በብረት ቀለበት፣ በፋሼታ፣ አጠበቀ። ማርሹ ከድምፅ ማጉያው ሲመለስ መኪናዋ ማንም ሳይረግጣት ቀስ ብላ ትሠራ ነበር።

ጓድ ገብረጻድቅ ተመልሶ መኪናዋ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደ ደምሴ ጠጋ አለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ቅድም መብራት ጠፍቶ ነው። ማንም ቢጠይቅህ፣ መብራት ጠፍቶ ነው።»

«ጠፍቶ ነው፣ ጓድ።»

መኪናዋ ወደ ቱላ ታጠፈች። ድምፅዋ ሳይቆራረጥ፣ ከማርሹ ሥር እየቀጠነ ራቀ። ደምሴ የተረፈችውን ስንዝር ቱቦ ኪሱ ከተተና አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ።