የምስጋናው ክፍል

ጠዋት ጠዋት ሦስት ምስጋና ጽፈን ግድግዳ ላይ ሳንለጥፍ ክፍል መግባት የማንችልበት ዓመት ነበር። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ውስጥ ያገራችንን ልጆች በሚያስተምር ትንሽ ትምህርት ቤት ዐሥራ አንድ ዓመት የጠመኔ ብናኝ ስውጥ ኖሬአለሁ። ማመስገን ደግሞ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ እኛ ቤት ልጅ አፉን ሳይፈታ «ተመስገን» ሲባል እየሰማ ነው የሚያድገው። ታዲያ በአርባ ስምንት ዓመቴ ቢጫ ወረቀት ሰጥተው «ዛሬ በምን ታመሰግኛለሽ?» ሲሉኝ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ንቀት ነው የያዘኝ።

የመጀመሪያው ቀን «ስለ መብራት አመሰግናለሁ፤ ስለ ውሃ አመሰግናለሁ፤ ስለ ደረጃው አመሰግናለሁ» ብዬ ለጠፍኩ። መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም። ውሃ ካየን ሦስት ቀናችን ነው። ደረጃው ግን በቦታው ነበር። ማንም ያነበበው አልመሰለኝም፤ የሚፈለገው ግድግዳው በቀለም እንዲሞላ ብቻ ነበር።

ነገሩን ያመጣችው የሀብታሞቹ ሰፈር ሩንዳ የምትኖር አሠልጣኝ ናት። ትምህርት ቤቱን የሚረዳው ድርጅት ልኳት በየማክሰኞው ሰባት ዓይነት ወረቀት፣ አንዲት ትንሽ ደወልና ያን የማይጠፋ ፈገግታዋን ይዛ ከመኪና ትወርዳለች። የሚያመሰግን ሠራተኛ ደስተኛ ነው፤ ደስተኛ አስተማሪ ጎበዝ ተማሪ ያወጣል፤ ትምህርቷ በቃ ይኸው ነው። ሐሰት ነው አልልም። እንዲያውም እውነት ነው። እኔን ያሳረረኝ አመስጋኙና ተመስጋኙ ቀድሞ መታደሉ ነው። ከታች ያለነው እናመሰግናለን፣ ከላይ ያሉት ይመሰገናሉ። ድርጅቱ ስለ እኛ ብሎ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ሲለጥፍ ዐይቼ አላውቅም።

ልጆቹም አልቀረላቸውም። ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ሩብ ሰዓት ተቆርጦ የምስጋና ደብተር ይሞላሉ። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ሦስተኛው አልመጣልኝም፤ የትናንቱን ኮፒ ላርገው?» አለችኝ። «አድርጊው» አልኳት። «አሳንቴ ቲቸር» ብላ ገለበጠች። በዚያን ቀን ከልብ የተነገረው ምስጋና ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ርዕሰ መምህራችን ያገራችን ሰው ነው፤ እሱም ደህና ሰፈር፣ ኪሌሌሽዋ ይኖራል። በዕድሜም በሥልጣንም ይበልጠኛልና አንቱ ልለው በተገባኝ ነበር፤ ብዕሬ እምቢ አለኝ። ስብሰባ ሲከፍት «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ይላል። ቤተሰብ ነን የሚል አለቃ ሲገጥማችሁ ነቃ ብላችሁ ቁሙ። እሱ ከአሠልጣኟ አጠገብ ተቀምጦ እንደ እንሽላሊት ራሱን ሲነቀንቅ፣ አንድ ቀን እንኳ ምን እንዳለች ደግማ ብትጠይቀው ምን እንደሚመልስ እንጃ።

የዚህ ነገር ባለቤት ግን እኔ አይደለሁም፤ የሕፃናት ክፍል አስተማሪያችን ናቸው። እትዬ ነበር የምላቸው። ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ባላቸውን እዚሁ ናይሮቢ ቀብረዋል፤ ልጅ የላቸውም። ክፍላቸው ምድር ቤት ነው። ያለችው አንዲት መስኮት የምትከፈተው ወደ ጓሮ ሲሆን፣ እዚያ ደግሞ የጎረቤታችን የገበያ አዳራሽ ጄነሬተር ተተክሏል። መብራት ሲጠፋ ጄነሬተሩ ይነሣል፣ ጭሱ ይገባል። መስኮቷን ከዘጉ ሠላሳ ሕፃናት በሙቀት ይቀቀላሉ፤ ከከፈቱ ናፍጣ ይጠጣሉ። እትዬ ከሰዓት በኋላ ላይ ሳላቸው ይነሣና ፊደሉን በዱላ እያመለከቱ፣ ድምፅ ሳያወጡ ያስቆጥሩ ነበር። ልጆቹ ለምደውት እሳቸው ሲያስሉ በአንድ ላይ «ፖሌ ቲቸር» ይላሉ፤ አይዞዎት ማለታቸው ነው።

አንደኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ሁለት ትልልቅ መስኮቶች ያሉት ክፍል ባዶውን ተቀምጧል። ሁለት ክፍሎች ሲቀላቀሉ የተረፈ ነው፤ ወደ መንገዱ ስለሚያይ ጄነሬተሩ አይደርስበትም። እትዬ የሚፈልጉት እሱን ብቻ ነበር። ሐኪማቸው ነገሩን አልሸፈነላቸውም፤ ወይ ክፍሉን ይቀይሩ ወይ ሥራውን ይተዉ ብሏቸዋል። ሥራውን ከተዉ ደግሞ በስደተኛ ወረቀት፣ በስድሳ አንድ ዓመታቸው ማን ይቀጥራቸዋል? ከዚያ ሁሉ በላይ ልጆቹ ነበሩ። ጎመን የምትሸጥ አንዲት እናት በየማለዳው ልጇን እያስረከበች «እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ» ትላቸው ነበር። እትዬ በዚያች ቃል ቀኑን ሙሉ እያሳሉ ሲስቁ ይውላሉ። ምስጋና ሰውን ሥራው ላይ ያቆማል ከተባለ እንዲህ ዓይነቱ ነው፤ ወረቀትም ደወልም አልነበረውም።

አለቃውን ለምን አልጠየቁትም? ጠይቀውታል። እንዴት እንደጠየቁት ልንገራችሁ። ቢሮው ገቡ፤ የሚስቱንና የልጆቹን ጤና አንድ በአንድ ጠየቁ፤ «ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል ልጄ?» አሉት፤ ሁለት ጊዜ አስለው መርቀውት ወጡ። «ነገሩት?» የሚል ቢኖር «እንዴታ፣ ነገርኩት እንጂ» ነው የሚሉት። በእሳቸው ቤት ከዚህ በላይ መናገር ሰውን ማፋጠጥ ነው። እሱ ገብቶት ይሁን ሳይገባው፣ ክፍሉ እንደተቆለፈ ሰነበተ።

አንድ ቀን አሠልጣኟ ከየአስተማሪው ጋር ለብቻ እንደምትነጋገር ተነገረን። ባዶው ክፍል ምን እንደሚሆንም ከእኛ መልስ ተነሥቶ ይወሰናል ተባለ። እትዬ እንግሊዝኛ ስለማያውቁ አስተርጓሚያቸው እኔ ሆንኩ። ሰኞ ዕለት ጓሮ ይዣቸው ወጣሁና፣

«እትዬ፣ ነገ እንዳለ ይንገሯት። ደረትዎን፣ ጭሱን፣ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ» አልኳቸው።

«ስትጠይቀኝ እነግራታለሁ እንጂ ምን አፍ ይይዘኛል? ደሞስ አንቺ አለሽ አይደል» አሉኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ሁላችን በተሰበሰብንበት አሠልጣኟ አንዲት የደበዘዘች ቢጫ ወረቀት ከግድግዳው ነቀለች። የኔ ናት፤ የመብራት፣ የውሃና የደረጃው። ለካ አንብባታለች። ስም አልጠራችም፤ ግን እኔን እያየች፣ ሹፈት የቆሰለ ነፍስ ምልክት ነው፣ እንዲህ ያለውን ሰው ልናዝንለት ይገባል አለች። ርዕሰ መምህሩ አንገቱን ነቀነቀ። ሁለት ጓደኞቼ ሳቃቸውን ዋጡ። እርር ድብን አልኩ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ አዘነችልኝ እኮ።

በዚያ ስሜት ነው ለትርጉም የገባሁት። ገና ሳልቀመጥ «እባክሽ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፤ የሚሉትን ብቻ» አለችኝ። እሺ፣ አልኩ በልቤ፣ ማሽን ትፈልጊያለሽ? ማሽን ሆኜ አሳይሻለሁ።

«በሥራዎ እንዴት ነዎት?» አለች፤ ተረጎምኩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ እትዬ።

ተረጎምኩ። ጻፈች።

«የሚጎድልዎት ነገር አለ?»

«ምን ይጎድልብኛል፤ ተመስገን ነው። ሕይወት ካለ ምን አለ።»

ይህንንም ተረጎምኩ። እሷ ጻፈችና ገጹን ገለበጠች። እትዬ ግን መልሳቸውን አልጨረሱም ነበር፤ ገና መጀመራቸው ነው። እኛ ዘንድ ያደገ ሰው ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም። መጀመሪያ ስትጠይቀው ፈጣሪውን ያመሰግናል። «ኧረ በእውነት፣ እንዴት ነዎት?» ስትለው «አለሁ፣ ምንም አልል» ይላል። ሦስተኛ «ደረትዎስ?» ብለህ ጠጋ ስትል ነው «ይቺ ደረቴማ…» ብሎ ሆዱን የሚከፍተው። በመጀመሪያው ጥያቄ ብሶቱን የሚዘረግፍ ሰው እኛ ጋ እንደ ባለጌ ነው የሚቆጠር።

እትዬ ቀና ብለው አዩኝ። ድገሚና ጠይቂኝ ነበር የሚለው ዐይናቸው። ገብቶኛል፤ አልገባኝም ብዬ አልዋሽም። አንዲት ቃል ነበረች የምትቀረው፣ «ደረትዎስ?» የምትል። እኔ ግን አፌን ዘግቼ አሠልጣኟን አየኋት፤ እስቲ ያለ እኔ ምን ትሠሪ ይሆን በሚል። ሳሉ መጣባቸው። አሠልጣኟ ውሃ ቀዳችላቸው። ለዚያች አንዲት ብርጭቆ ውሃ እትዬ ረጅም ምርቃት መረቋት፤ ልጆችሽ ይባረኩልሽ፣ እጅሽ አይንጠፍ አሏት። ምርቃቱን ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩ። አሠልጣኟ ዐይኗ እንባ አቀረረ። በትርጉሜ እንዲያ የተሳካልኝ ቀን የለም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ውጤቱ ተነገረ። ከአስተማሪዎች ሁሉ ደስተኛዋ እትዬ ሆነው ተገኙ። ምንም ሳይሟላላቸው ማመስገናቸው ለሁላችን አርአያ ነው ተብሎ ደረታቸው ላይ፣ በዚያ ደረት ላይ፣ የፀሐይ ሥዕል ያለበት ባጅ ተሰካላቸው። ባዶው ክፍል «የምስጋና ክፍል» እንዲሆን ተወሰነ፤ ምንጣፍና ትራስ ይገባበታል፣ መስኮቶቹም ጥሩ ብርሃን ስለሚሰጡ ለጽሞና ይመቻሉ ተባለ። ርዕሰ መምህሩ አጨበጨበ። ሁሉም አጨበጨበ። እትዬም ሰው ሲያጨበጭብ አይተው አጨበጨቡ።

ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ምን አሉ?» አሉኝ።

«ሸለሙዎት።»

«እሱንስ አየሁት። ክፍሉንስ?»

«ይታያል ብለዋል» አልኩ። ዋሸሁ።

በማግስቱ ቢሮው ገብቼ ስለ ደረታቸው፣ ስለ ጄነሬተሩና ስለ ሐኪሙ ያልነገርኩት የለም። ርዕሰ መምህሩ እስክጨርስ ጠበቀኝና ፋይሉን ገልጦ አሳየኝ። «ራሳቸው የተናገሩት ነው፤ ተርጓሚዋም አንቺ ነሽ፤ ፊርማሽ ይኸው። ሌላ ነገር ከነበረ ያኔ ይሉ ነበር። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» አለኝ። ይህን ሰው ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ንቄዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ፋይሉን ዘግቼ መለስኩለት። እትዬ በሚያውቁት መንገድ ጮኸው ነበር። ጎረቤታቸው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ክረምቱ ብርዱን ሲያመጣ እትዬ ሥራውን ተዉ። የሸኛቸው የለም፤ ቢጫ ወረቀት ላይ ግን ብዙ ሰው ጻፈላቸው። በእሳቸው ቦታ አንዲት ወጣት ተቀጥራ እዚያው ምድር ቤት ገባች፤ አሁን እሷም ማሳል ጀምራለች። ምስጋና ክፍሉን አንድ ቀን ከፍቼ ዐየሁት፤ ትራሶቹ እንደታሸጉ ናቸው፣ ከመንገዱ ንጹሕ አየር ይገባል፣ ሰው የለበትም።

ልጠይቃቸው የሄድኩት ቆይቼ ነው፤ ፊት አጥቼ። ከእህታቸው ልጅ ጋር በሚኖሩባት አንዲት ክፍል፣ በሦስት ትራስ ተደግፈው አልጋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። መንገድ ላይ ስመጣ የምናገረውን አሰናድቼ ነበር፤ ያን ቀን ማወቅ እያወቅሁ ዝም አልኩ፣ በእልህ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ ልል።

«እንዴት ነዎት እትዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ኧረ በእውነት፣ እንዴት ነዎት?»

«አለሁ፤ ምንም አልል።»

«ደረትዎስ?»

ዐይናቸው ሞላ። «ደረቴስ ይሁን። ልጆቹ ናፈቁኝ፤ ጠዋት ጠዋት እዚህ ተቀምጬ ስማቸውን እጠራለሁ» አሉ። ይህችን ጥያቄ ያን ማክሰኞ ብጠይቃቸው ኖሮ ዛሬም ልጆቹ መካከል ነበሩ። አፌን ልከፍት ስል እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«አንቺ ልጅ፣ ስለ ክፍሉ አፍ ሆነሽልኝ ስንት ደከምሽ። እንግሊዝኛውን ባልሰማም ፊትሽን ሳየው ነበር፤ እንዴት ተቆጥተሽልኝ እንደነበር። አልሆነም እንጂ አንቺ ምን አጠፋሽ? እግዜር ውለታሽን ይክፈልሽ፤ በክፉ ቀን ተናጋሪ አያሳጣሽ።»

እጃቸው ትኩስ ነበር፤ ትንፋሻቸው ያፏጫል፤ ምርቃታቸውን ጨርሰው መልሴን እየጠበቁ ያዩኛል።

ለምርቃት መልሱ አንድ ነው። አሜን አልኩ።