የመመለሻዋ ትኬት

ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም። የዓመት ፈቃዴን ኬንያ፣ አንዲት የባሕር ዳርቻ መንደር ላሳልፍ ብዬ ከጎረቤቴ ሻንጣ ተዋስኩ። «ወዴት ነው?» ሲለኝ «ባሕር» አልኩት። በቃ! ወሬው «በባሕር ሊሰደድ ነው» ሆኖ ብሎኩን አዳረሰ።

በማግስቱ ሽማግሌዎች በሬን አንኳኩ። ግራውንድ የሚኖሩት እማማ ጥሩነሽ እያለቀሱ ገቡ።

«ልጄ፣ ጀልባ ላይ እንዳትወጣ! ሥራ እኛ እንፈልግልሃለን።»

«ኧረ እማማ፣ ሥራ አለኝ! ለመዝናናት ነው፤ በሳምንቴ እመለሳለሁ» ብል ማን ይመነኝ? የመሄጃና የመመለሻ ትኬቴን አወጣሁ። ወረቀቶቹን እየተቀባበሉ ሲመረምሩ ቆሜ አየኋቸው። ብጠፋ የሚፈልገኝ የለም እያልኩ ነበር እኮ የምኖረው።

እማማ እንባቸውን ጠረጉና መመለሻዋን አጣጥፈው መቀነታቸው ላይ ቋጠሯት።

«ይቺን ስትመለስ ከእኔ ትወስዳለህ።»