ለጨጓራ ነው የተባለው ኪኒን

ይርሳው ኮምባይነሩ ላይ ተቀምጦ ስንዴ ሲያጭድ ያየው ሰው፣ ይህ ሰው የሐኪም ቤት ደጅ ይረግጣል ብሎ አይገምትም። ከአሰላ እስከ ጮሌ ስሙን የማያውቅ ገበሬ ጥቂት ነው። ዳገቱንም ጭቃውንም የባለማሳውንም ጭቅጭቅ ችሎ የሚውል፣ ሲመሽ ደግሞ ከዚያው ባለማሳ ጋር ተሳስቆ የሚለያይ ሰው ነው። እንግዲህ አምና ክረምት ላይ ብሞት ይሻለኛል የሚል ሐሳብ የገባበት ይኸው ይርሳው ነው።

ምክንያቱን ቢጠይቁት አያውቀውም። ከሁሉ ያሳፈረውም ይህ ነው። ቤት አለው፣ ልጆቹ ጤነኞች ናቸው፣ ከሚስቱ ከተሻለች አፍ ክፉ ቃል ወጥቶ አያውቅም። ቢከስር ወይም ሰው ቢሞትበት ለሰው የሚለው ነገር በኖረው። ሁሉ ሞልቶለት መሞት የሚያሰኘው ሰው ምን ብሎ ይናገራል? ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ፤ ሆዱ ግን ሊፈጀው አልቻለም።

እንቅልፍ ካጣ ከሰነባበተ በኋላ ሐኪም ቤት ሄዶ ዶክተር ራኬብ የምትባል ወጣት ሐኪም ፊት ተቀመጠ። አቀርቅሮ ኮፍያውን እያሻሸ ነገራት። እሷ አልደነገጠችም። ድባቴ የሚባል ሕመም መሆኑን ነግራው ኪኒን አዘዘችለት።

“ቶሎ አይሠራም፤ ሳምንታት ይፈጃል” አለችው። “በመጀመሪያው ሰሞን ሐሳቡ ሊብስብዎትም ይችላል። ያን ጊዜ ብቻዎን አይሁኑ። ከቤተሰብ የሚያውቅልዎት ሰው ይኑር፤ ከባሰብዎት ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይምጡ። ኪኒኑንም በራስዎ እንዳያቋርጡ።”

ይርሳው “እሺ፣ እሺ” አለ። ከቤተሰብ የሚያውቅ ሰው ይኑር ያለችውን ግን ከበሩ ሳይወጣ ትቶታል።

አሰላ ባለው መድኃኒት ቤት ሁሉ የሚያውቀው ሰው አይጠፋም። ስለዚህ በሚኒባስ ቁልቁል ዴራ ወርዶ ከማያውቀው ሰው ገዛ። ሲመለስ ተሻለች ካርቶኑን አየችበት።

“ምንድን ነው?”

“የጨጓራ ነው” አላት፣ ሳያስብ። ተረቱ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይላል፤ ይርሳው ግን መድኃኒቱን አግኝቶ እሱንም ሸሸገው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቤቱ በርበሬ ጠፋ። ልጆቹ አልጫ ሰለቸን ብለው ሲያጉረመርሙ ተሻለች “አባታችሁን አሞታል” እያለች ትቆጣለች። ይርሳው ያን አልጫ በጎረሰ ቁጥር ያፍራል። ሐሳቡም ሐኪሟ እንዳለችው ባሰበት። ማሳ መካከል ማሽኑን አቁሞ፣ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ እስኪያልፍለት ይቆያል። ምን ሆንክ ለሚለው ሁሉ መልሱ ጨጓራዬ ነው። እያደር ግን እንቅልፉ ተመለሰ፣ ፊቱም ፈካ አለ። ሐሳቡ ጨርሶ ባይለቀውም በየመሀሉ ፋታ ይሰጠው ጀመር። ተሻለች ደስ ብሏት ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች።

ጣጣውን ያመጣው ይህ ወሬ ነው። በእኛ ሰፈር ሰው የዳነበት መድኃኒት የግል አይደለም፤ እንደ ወንፊት ከቤት ቤት ይዞራል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይርሳው ኪኒኑን ሊውጥ ሲል ካርቶኑን ከቦታው አጣው።

“መድኃኒቴስ?”

“ለጋሽ ከዲሮ ሰጠኋቸው። ጨጓራ እንዴት እንደሚያሠቃያቸው ታውቅ የለ? አንተ ተሽሎሃል፤ ለአንተ ሌላ ይገዛል።”

ጋሽ ከዲሮ የደም ግፊት ያለባቸው ሽማግሌ ጎረቤት ናቸው። ዝም ቢል ሰው ሊጎዳ ነው፤ ቢናገር ገመናው ሊወጣ ነው። እንዲያው ብሞትና ብገላገል የሚለው ሐሳብ እዚያው እንደቆመ መጣበት። ሽማግሌው የእሱን ኪኒን ውጠው እሱ ስለራሱ መገላገል ማሰቡ ደግሞ ይበልጥ አሳፈረው። የጫማውን ማሰሪያ እንኳ ሳያስር ወጣ።

ጋሽ ከዲሮ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

“ያን ኪኒን ዋጡት እንዴ?”

“ትናንት አንድ ዋጥኩ። ወላሂ፣ ቀለል ብሎኛል።”

“ጋሼ፣ የጨጓራ አይደለም።”

“ታዲያ የምንድን ነው?”

ይርሳው መሬት መሬቱን እያየ “የድባቴ ነው” አለ። “መሞት እያሰኘኝ ነው ሐኪም ቤት የሄድኩት።”

ይርሳው ሽማግሌው እስኪስቁበት ጠበቀ።

“አሁንም ያሰኝሃል?” አሉት።

“ቅድም እንኳ መጥቶብኝ ነበር።”

“ተሻለች ታውቃለች?”

“አታውቅም። አፍሬ ነው።”

“ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ለእኔ ብለህ እየሮጥክ መጣህ። ለራስህ ነፍስ ሲሆን ጓዳህ ድረስ መግባት አቃተህ?” ኪኒኑን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡትና ክንዱን ይዘው አብረውት ተነሡ። መንገድ ላይ “ቀለል ብሎኛል ያልኩትን ለሰው እንዳታወራ” አሉት።

ይርሳው በሩ ላይ እንደቆመ ለሚስቱ ነገራት። ተሻለች መጀመሪያ የጠየቀችው “ምን በደልኩህ?” ብላ ነው። ከሁሉ የከበደው ይህ ነበር።

“አንቺ ምንም አላደረግሽም። በሽታ ነው” አላት።

እሷ ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ “ካሁን በኋላ ሲመጣብህ ንገረኝ። መጣ ብትለኝ ይበቃኛል” አለችው።

ያንኑ ቀን ሦስቱም ሐኪም ቤት ሄዱ። ዶክተር ራኬብ ሽማግሌውን መርምራ ደህና መሆናቸውን ካየች በኋላ በሰው መድኃኒት አይጫወቱ ብላ ተቆጣቻቸው። የይርሳውን ኪኒን ደግሞ ተሻለች እንድትይዝለት አደረገች።

እፍረት ግን እንደ ጉንፋን በሳምንት አይለቅም። ሐሳቡ ከዚያ በኋላም መጣበት፤ ይርሳው ግን አፉ አልታዘዝ ብሎት ለተሻለች ሳይነግራት ቀረ። ሌላ ቀንም እንዲሁ ሆነ። በጥምቀት ማግስት ዘመድ ሁሉ ቤታቸው ተሰብስቦ እየተሳሳቀ ሳለ ድንገት ባሰበት። ብዙ ተቀመጠ። ከዚያ ተነሥቶ ሴቶቹ የሚሠሩበት ጓዳ በር ላይ ቆመ።

“ተሻለች” አለ። ሁሉም ዞረው አዩት። ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ።

“መጣ” አላት።

ተሻለች ማማሰያውን ለእህቷ ሰጥታ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጥታ ደጅ ይዛው ወጣችና አጠገቡ ተቀመጠች።