የሻለቃ ካርስተንስ ፈረሶች

ወንድሜ ዴትሌፍ ካርስተንስ ለወታደርነት የተፈጠረ ሰው አልነበረም። ጀርመን ውስጥ፣ ኤልበ ወንዝ አጠገብ ባለችው መንደራችን የከብት ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939፣ ጦርነቱ ሊጀመር ሲል፣ የተጠባባቂ ጦር መቶ አለቃ ነህና ና ተባለ። የመጀመሪያ ሥራው ለሠራዊቱ የሚሆኑ ፈረሶችን ከገዛ ጎረቤቶቹ መምረጥ ሆነ።

ሽማግሌው ሂንሪክ ታምስ ባዝራውን እየሳበ መጣ።

“ዶክተር፣ ታነክሳለች በልና ተዋት” አለው በሹክሹክታ።

“አባባ ሂንሪክ፣ ስትራመድ ሰው ሁሉ እያያት እኮ ነው።”

“እንግዲያው አብረሃት ሙት!” ብሎ ገመዱን ወረወረለት።

ፈረንሳይ ላይ ሻምበል ሆነ። ሩሲያ ሲዘምቱ ማዕረግ አላጠረም፤ ያጠረው ፈረስ ነው። የእኛ አገር ከባድ ፈረሶች በመጀመሪያው ክረምት በጭቃና በበረዶ አለቁ። ዴትሌፍ ጠዋት ያክማል፣ ከሰዓት በኋላ የማይድኑትን ተኩሶ ይገድላል። “ዛሬም አርባ” ብሎ ጻፈልኝ፤ ደብዳቤው ላይ ሌላ ቃል አልነበረም።

ፈረስ ሲጠፋ ከገበሬው ላይ ውሰዱ ተባለ። ትእዛዙን የሚፈርመው እሱ ነበር። አንዲት የዩክሬን ገበሬ የፈረሷን ገመድ አልለቅም ብላ ግማሽ ቀን በበረዶ ተከተለቻቸው። ወታደሮቹ ሳቁባት። እሱ ዞር ብሎ አላያትም። በዚያው ወር ሻለቃ ሆነ።

በ1944 ሠራዊቱ እየተገፋ ባሕር ጠርዝ ላይ ደረሰ። መርከቦቹ ለሰው እንጂ ለፈረስ ቦታ አልነበራቸውም፤ ለጠላት እንዳይተርፉ ይገደሉ ተባለ። ሁለት ቀን ሙሉ ተኮሱ። በጦርነቱ ማብቂያ እሱም ተማረከ።

ከምርኮ ሲመለስ ቆዳና አጥንት ሆኖ ነበር። ሥራውን ለመቀጠል፣ በናዚ ጊዜ ማን ምን እንደሠራ የሚመረምሩ ሰዎች ፊት መቅረብ ነበረበትና አብሬው ሄድኩ።

“በጦርነቱ ሥራዎ ምን ነበር?” አለ መርማሪው።

“የፈረስ ሐኪም።”

“ሰው ገድለዋል?”

“አላውቅም።”

“እንዴት አያውቁም?”

“አንዲት ሴት ነበረች። ፈረሷን ወሰድንባት። ያን ዓመት በምን እንዳረሰች፣ ልጆቿ ምን እንደበሉ አላውቅም።”

መርማሪው ዓይኑን አሸ። “ጌታዬ፣ ደጅ ላይ ምን ዓይነት ሰው እንደተሰለፈ ቢያዩ! እርስዎ የፈረስ ወሬ ያመጡልኛል?” ብሎ ወረቀቱ ላይ ማኅተም አሳረፈበት። ነፃ ነህ ማለት ነው።

መንገድ ላይ “ምነው፣ ደስ አላለህም እንዴ?” አልኩት።

“ሊሰማኝ አልፈለገም፣ ቪብከ።”

“ተወው በቃ። አሁን ማን ቁጭ ብሎ ይሰማሃል?”

“አንቺ” አለኝ።

ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ እግሬ አብጧል፤ የጦርነት ወሬም ሰልችቶኛል። ቢሆንም የመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ተቀመጠና፣ እስከዚያ ቀን ነግሮኝ የማያውቀውን ከመጀመሪያው ጀመረልኝ።