ጀርባው ላይ ያለው ፎቶ

ዘካሪያስ ብሥራት ያሳተመውን አዲስ መጽሐፍ ጥራዝ በቢላ ሰነጠቀው። ማጣበቂያውን ሊያይ ነበር። ገጾቹ ግን አልተበተኑም።

«በክር ሰፍቶታል» አለ።

«ቢሰፋው አንተን ምን ቆረጠህ?» አለች ሚስቱ ባየሽ።

«ቤልቪው፣ ሀብታሞቹ ሰፈር ቁጭ ብሎ ኮምፒውተር ስለነካካ አሳታሚ የሆነ መስሎታል።»

ብሥራት መሐንዲስ ነው። በፊት እዚሁ ስካይዌይ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር፣ ዘካሪያስ ጋራዥ ውስጥ ወረቀት ያጣጥፍ ነበር። ዘካሪያስ ከግሮሰሪ ሥራው ሲወጣ በዚህ ጋራዥ የአማርኛ መጻሕፍት ያሳትማል። መኪናው ደጅ ዝናብ ይመታዋል፤ ወረቀቱ ውስጥ ያድራል። እስካሁን አራት መጻሕፍት አውጥቷል። የአራቱም ጀርባ ላይ ደራሲው የለም፤ ከረባት ያሰረ ዘካሪያስ ነው ያለው።

ከዚያ የተረፈውን ጊዜ ሊንደማን የሚባል የጥንት ጀርመናዊ አሳታሚ የሕይወት ታሪክ ይተረጉማል። ሊንደማን መጽሐፍ በእጅ ጋሪ እየገፋ ጀምሮ፣ በስተርጅናው ደራሲ ሁሉ ደጅ የሚጠናው ሰው ሆነ። ሌሎች አታሚዎች ሥራውን እየሰረቁ ያትሙበት ነበር። ዘካሪያስ ያንን ምዕራፍ ሲተረጉም ሌቦቹ ሁሉ ብሥራትን ይመስሉት ነበር። ብሥራት ምንም አልሰረቀውም።

ቅዳሜ እትዬ አገሬ ልቦለዳቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። ዘካሪያስ ዓመቱን ሙሉ የጠበቀው ይህንን ነው።

«ብሥራት አይቶታል?» አላቸው።

«አይቶ ወዶታል። እኔ ግን መጀመሪያ የማውቀው አንተን ነው ብዬ መጣሁ።»

ወዶታል ሲሉ ዘካሪያስ ፈጥኖ ወረቀቱን ከፌስታሉ አወጣ። እትዬ አገሬ ከመደርደሪያው አንድ መጽሐፍ አንስተው ገለበጡ።

«ደራሲው ይሄ ነው?»

«አይ፣ እኔ ነኝ።»

ሌላ ገለበጡ። «ይሄስ?»

«እሱም እኔ ነኝ።»

«የእኔም ላይ አንተ ልትወጣ ነው?»

«የአሳታሚ ደንብ ነው፣ እትዬ።»

«ያ ጀርመንህስ መልኩን ያወጣ ነበር?» አለች ባየሽ።

ሊንደማን ስሙን እንኳ በመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል ነበር የሚያሳትመው። ይህንን የተረጎመው ራሱ ዘካሪያስ ነው።

«ያኔ ካሜራ አልነበረም» አለ።

ባየሽ ሳቋን መያዝ አቃታት።

«ልጄ፣ ፎቶህን ብቻ አስቀርልኝና ያንተው ይሁን» አሉ እትዬ አገሬ።

ጠረጴዛው ላይ የተሰነጠቀው የብሥራት መጽሐፍ ተደፍቷል። ጀርባው ላይ የደራሲው ፎቶ አለ። የብሥራት የለም።

«እሱ ያደረገውን እኔ አላደርግም» አለ ዘካሪያስ።

እትዬ አገሬ ወረቀታቸውን ወደ ፌስታሉ መለሱ።

ልቦለዳቸው በ1997 ዓ.ም. ቤልቪው፣ ብሥራት ዘንድ ታተመ፤ በክር የተሰፋ ነው። የሊንደማን ታሪክ በዓመቱ ከስካይዌይ ወጣ። ጀርባው ላይ ዘካሪያስ ከረባት አስሯል።